ስለ መልካም የሙዚቃ መምህር

የጅማ፥ የአጋሮና የሊሙ ተማሪዎች ሆይ፤

የመምህር ሥራ የቡና ተካይን ሥራ ይመስላል። ችግኙ በዋንዛ ጥላ ሥር ሦስት አራት ዓመት በትዕግሥት ካልተጠበቀ ፍሬ አይሰጥም፤ የተጠበቀ እንደ ሆነ ግን ተካዩ ካለፈ በኋላ እንኳ ያፈራል። ለዚህ ነገር ምስክራችን ሙሴ ኬቮርክ ናልባንዲያን ናቸው።

በ1916 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ በኢየሩሳሌም አርባ የአርመን ልጆች የናስ መለከት ሲነፉ ሰሙ። ልጆቹ ወላጆቻቸው በእልቂት ያለቁባቸው ነበሩ። ራስ ተፈሪም ወደ አዲስ አበባ አስመጧቸው፤ ሙሴ ኬቮርክም መምህራቸውና መሪያቸው ሆኑ። ዮፍታሔ ንጉሤ ቃሉን ለጻፉት ለኢትዮጵያ ብሔራዊ መዝሙርም ዜማውን የደረሱ እርሳቸው ናቸው። ይህም መዝሙር በጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. በንግሥ በዓል ተሰማ፤ እስከ 1967 ዓ.ም. ድረስም በየትምህርት ቤቱ ተዘመረ። ከእርሳቸው በኋላ የወንድማቸው ልጅ ነርሲስ ናልባንዲያን በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ሙዚቀኞችን አስተማሩ።

እነሆ፥ ቤት ያጡ ልጆች ለተቀበለቻቸው አገር መለከት ሆኑ። አንዱ ሲነፋ ሌላው ተራውን መጠበቅን፥ የጎረቤቱን ድምፅ ማዳመጥን ከመምህራቸው ተምረዋልና። በ1936 ዓ.ም. በጅማ የተወለዱት ሙላቱ አስታጥቄም ምሕንድስና ሊማሩ ወደ ብሪታንያ ሄደው ሙዚቃን ያገኙት በትምህርት ቤት ነው።

መምህራን ሆይ፤ የናስ መለከት ባይኖራችሁ ከበሮና ክራር፥ የልጆችም ድምፅ አለላችሁ። ወላጅ የሌለውን ልጅ ከኋላ አታስቀምጡት፤ ዜማው በእርሱ ዘንድ ሊሆን ይችላልና።