«ለቀብሩ ከምናዋጣ፣ ለአንጎሉ እንድረስለት!»

(በአንድ የአዲስ አበባ ዕድር ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



ስለ መጠጥ ሲወራ ጉበትን እንጂ አንጎልን የሚያነሳ የለም። እኔ ግን በነርስነት ሙያዬ ጉበታቸው ሳይከዳቸው ሐሳባቸው የከዳቸውን ብዙዎች አይቻለሁ።

ነገሩ እንዴት ነው? ለዓመታት በየቀኑ አረቄ የሚጠጣ ሰው እህል ያስጠላዋል። ቢቀምስም አልኮሉ ቫይታሚን ቢ1 (ታያሚን) ከአንጀቱ ወደ ደሙ በወጉ እንዳይገባ ያግደዋል። ሰውነት ደግሞ ይህን ቫይታሚን ከጥቂት ሳምንታት በላይ አያቆይም። አንጎል ከስኳር ጉልበት የሚያገኘው በእሱ ነውና፣ ሲያልቅ መጎዳት ይጀምራል።

በሽታው አዲስ አይደለም። ጀርመናዊው ሐኪም ካርል ቬርኒኬ በ1881፣ ሩሲያዊው ሰርጌይ ኮርሳኮፍ በ1887 እ.ኤ.አ. ጽፈውበታል። መጀመሪያ ዐይን ይርገበገባል ወይም አንዱ ነገር ሁለት ሆኖ ይታያል፤ እግር ይንገዳገዳል፤ ሐሳብ ይምታታል። ሦስቱም ባንድ ላይ ላይታዩ ይችላሉ። ታዲያ ሰፈሩ ምን ይላል? «ሰክሯል፣ ተኝቶ ሲነሳ ይለቀዋል!» አይለቀውም! በዚያች ሰዓት በመርፌ የሚሰጥ ታያሚን ሊያተርፈው ይችላል። ካመለጠ ግን የወጣትነቱን እያስታወሰ የዛሬ ጠዋቱን ይረሳል። የጎደለውንም በፈጠራ ይሞላዋል። «ትናንት የት ዋልክ?» ሲሉት ከቤት ያልወጣው ሰው «ደብረ ብርሃን ሄጄ» ይላል። ውሸታም አይደለም ወገኖቼ! እሱ ራሱ አምኖታል።

እዚህ ያልደረሰውም ቢሆን ማቀድ፣ ማመዛዘን፣ ራሱን መግታት ይከብደዋል። ደግነቱ መጠጡን ካቆመ በወራት ውስጥ ብዙው ይሻሻላል። ግን አደራ! የከረመ ጠጪን በር ዘግታችሁ ባንድ ቀን አታስቁሙት፤ የሚጥል በሽታና ቅዠት ተነስቶበት ሊሞት ይችላል። ሐኪም ይያዘው። «አማኑኤል ገባ እንዳይባልብን» እያልን ስንደብቅ ጊዜው ያልፋል።

መንግሥትንም እንጠይቅ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 ከ21 ዓመት በታች ላለ ሰው መጠጥ እንዳይሸጥ ከልክሏል። ደግ ነው። ግን ከመጠጥ ኤክሳይዝ ታክስ የሚሰበስበው አካል ለጠጪው ማገገሚያ ስንት አልጋ አዘጋጀ? መልሱን በይፋ ይንገረን!

እስከዚያው የኛን ድርሻ እንወጣ። ሲሞት ድንኳን እንተክላለን፣ ንፍሮ እንቀቅላለን። በሕይወት ሳለ ግን ለታክሲና ለመድኃኒት የሚሰጠው የለም። ስለዚህ ከወር መዋጮአችን ጥቂቱ ለሕክምና እንዲመደብ ሐሳብ አቀርባለሁ። ዕድር ከሬሳው በፊት ቢደርስ ምን ነውር አለው?