የወለድ ወለድና የቡና ገንዘብ



ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ቁጠባ ነው። በጅማ፣ በአጋሮ፣ በሊሙ ገነት፣ በየቡና በሰቃ የምንኖር ሁሉ የምናድረው በቡና ነው። ቡና ተለቅሞ ሲሸጥ ገንዘብ በእጃችን ይገባል። ክረምቱ ግን ረጅም ነው። በሐምሌ ኪሱ ባዶ የሆነ ገበሬ ምን ያደርጋል? ገና በዛፉ ላይ ያለውን ቡና በርካሽ ይሸጣል፤ አለዚያም አራጣ ይበደራል።

አራጣ በወር አሥር በመቶ ነው እንበል። በሐምሌ የተወሰደ 1,000 ብር በታኅሣሥ 1,610 ብር ይሆናል። አምስት ወር ነውና ለምን 1,500 አልሆነም? ወለዱ ራሱ ስለ ወለደ ነው። ይህ የወለድ ወለድ ይባላል።

ይኸው ነገር ለእኛም ሊሠራልን ይችላል። ብሔራዊ ባንክ በጥቅምት 2010 ዓ.ም. ባንኮች ለቁጠባ የሚከፍሉትን ዝቅተኛ ወለድ ከ5 ወደ 7 በመቶ ከፍ አድርጎ ነበር። በዚሁ በ7 በመቶ እናስላ። 1,000 ብር በዓመቱ 1,070 ይሆናል። በሁለተኛው ዓመት 70ውም ወልዶ 1,144 ብር ከ90 ሳንቲም ይሆናል። በአሥር ዓመት 1,967 ብር ይደርሳል፤ እጥፍ ሊሆን ጥቂት ቀረው ማለት ነው።

አንድ ሰው በየዓመቱ ቡናውን ሲሸጥ 1,000 ብር ቢያስቀምጥስ? በአሥር ዓመት ያስገባው 10,000፣ ያለው 14,783 ብር ነው። በሃያ ዓመት ያስገባው 20,000፣ ያለው ግን 43,865 ብር ነው። ልብ በሉ፤ ገንዘቡን ያበዛው ሳይነካ መቆየቱ ነው። የቡና ችግኝም እኮ ሦስት አራት ዓመት ሳይሰጥ ይቆያል። አልሰጠም ብሎ ማን ይነቅለዋል?

«የዕቃ ዋጋ ከወለዱ በላይ ሲጨምርስ?» ትሉን ይሆናል። እውነት ነው፤ ያን ጊዜ ብሩ በቁጥር ቢያድግም የሚገዛው ይቀንሳል። ስለዚህ ሁሉንም በአንድ ቦታ አናስቀምጥ። ለክረምት የሚሆነውን በባንክ ወይም በቁጠባና ብድር ማኅበር እናኑር። በቀረው ያረጀውን ቡና ጎንድለን እናድስ፤ ችግኝ እንትከል፤ የኅብረት ሥራ ማኅበር ዕጣ እንግዛ። በ1991 ዓ.ም. የተቋቋመው የኦሮሚያ ቡና ገበሬዎች ዩኒየን ከትርፉ ለአባል ማኅበራት ያካፍላል። ከሚደርሰን ትርፍ ጥቂቱን መልሰን ዕጣ ብንገዛበት ትርፉም ትርፍ ያመጣል።

ሃይማኖታቸው ወለድ የማይፈቅድላቸው ወገኖቻችንም መንገድ አላቸው። በ2013 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ዘምዘም ባንክ የሚሠራው ያለ ወለድ ነው። በእንዲህ ዓይነቱ አሠራር ገንዘብ የሚያድገው በትርፍ ክፍፍል ነው።

ዕቁብም ደግ ነው፤ ገንዘብ መሰብሰብ ያስለምዳል። ግን የዕቁብ ገንዘብ አይወልድም። ዕጣው ሲወጣልን በጠላና በድግስ ካለቀ ምን ተረፈን?

እንግዲህ ሦስት ነገር እንያዝ። አንደኛ፣ ቡናው በተሸጠ ዕለት፣ ሌላ ነገር ሳይገዛ፣ የቁጠባው ድርሻ ይነሣ። ሁለተኛ፣ ያስቀመጥነውን ያለ ጭንቅ ጉዳይ አንንካ። ሦስተኛ፣ ማንበብ ተምረናልና የቁጠባ ደብተራችንን ራሳችን እያነበብን ወለዱን እናስላ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።