ለሌላ አገር ልጆች የተሠራ ኢትዮጵያዊ ወታደር፦ በባሕር ማዶ ገበያ ብቻ የወጡ አሮጌ ምስሎችን ስለ መሰብሰብ

የመጫወቻ ሰብሳቢዎች ከሁሉ አብልጠው ከሚያሳድዷቸው ዕቃዎች አንዱ፣ ሰብሳቢው በሚኖርበት አገር አንድ ቀን እንኳ በሱቅ መስኮት ሳይታይ በባሕር ማዶ ገበያ ብቻ የወጣው አሮጌ አክሽን ፊገር ነው። አክሽን ፊገር የሚባለው አንገቱ፣ ክንዱና ጉልበቱ በመገጣጠሚያ የሚታጠፍ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከፕላስቲክ የሚሠራ፣ ወታደርን ወይም የፊልም ጀግናን የሚወክል ትንሽ ምስል ነው። ስያሜው የተለመደው ሀስብሮ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ1964 እ.ኤ.አ. ጂ.አይ. ጆ የተባለውን ሠላሳ ሳንቲ ሜትር ያህል ቁመት ያለው ወታደር ለገበያ ባቀረበ ጊዜ ሲሆን፣ ኩባንያው ወንዶች ልጆችና አባቶቻቸው አሻንጉሊት በሚል ስም የቀረበ ነገር አይገዙም ብሎ ስለ ሠጋ ሌላ ስም ፈለገለት።

እንዲህ ያለው ምስል በአንድ አገር ወጥቶ በሌላው የሚቀረው በፈቃድ ንግድ ምክንያት ነው። የፈቃድ ንግድ ማለት ባለቤቱ ኩባንያ ዕቃውን ራሱ ከመላክ ይልቅ የመሥራትና የመሸጥ መብቱን ለሌላ አገር ፋብሪካ የሚያከራይበት አሠራር ሲሆን፣ በዚሁ መንገድ የእንግሊዙ ፓሊቶይ ጂ.አይ. ጆን በ1966 እ.ኤ.አ. አክሽን ማን በሚል ስም አወጣው፤ የሜክሲኮው ሊሊ ሌዲም የስታር ዋርስን ምስሎች በራሱ ፋብሪካ ሠራ። ፈቃዱን የተቀበለው ፋብሪካ ቀለሙን ይለውጣል፣ ልብሱን ከአገሩ ጨርቅ ይሰፋል፣ አንዳንድ ጊዜም ባለቤቱ ኩባንያ ለገበያ ያላቀረበውን ገጸ ባሕርይ ያወጣል። የብራዚሉ ግላስላይት በ1988 እ.ኤ.አ. ያወጣውና ቭሊክስ የተባለው ምስል በሌላ አገር ስላልተሸጠ፣ ዛሬ በዘርፉ እጅግ ብርቅ ከሚባሉት ውስጥ ይቆጠራል። ልዩነቱ በእጅ የሚያዝ ነገር እስከ ሆነ ድረስ ሰብሳቢው ለአንዲት የቀለም ለውጥ ውቅያኖስ ያቋርጣል። ይህ ለውጭ ተመልካች እብደት ሊመስለው ይችላል፤ ይሁን እንጂ የብራና ቅጂዎችን የሚያነጻጽር ሊቅም የሚደክመው ከዚህ ላላነሰች ልዩነት ነው።

ጉዳዩ ከኢትዮጵያ ወገን ሲታይ ግን መልኩ ይገለበጣል። አሜሪካዊው ሰብሳቢ የራሱ አገር ጀግና በሌላ አገር ለብሶት የወጣውን ልብስ ሲፈልግ፣ ኢትዮጵያዊው ሰብሳቢ የሚያገኘው የራሱን ወታደር፣ ያውም ለሌላ አገር ልጆች ተሠርቶ በሌላ አገር ሳጥን የታሸገውን ነው። ከፕላስቲኩ አክሽን ፊገር ሠላሳ ዓመት ያህል ቀደም ብሎ የለንደኑ ዊልያም ብሪተን ፋብሪካ በዝርዝር መዝገቡ ቁጥር 1424 የአቢሲኒያ ንጉሠ ነገሥት የክብር ዘበኛ፣ በቁጥር 1425 ደግሞ የአቢሲኒያ ባላገር ተዋጊዎች ብሎ የሰየማቸውን የእርሳስ ወታደሮች ለሽያጭ አቀረበ። ጊዜው ኢጣሊያ መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. የመረብን ወንዝ ተሻግራ የወረረችበት ሰሞን ነበር። በኢትዮጵያና በኢጣሊያ ወታደሮች መካከል የወልወል ግጭት ከተነሣበት ከኅዳር 1927 ዓ.ም. ጀምሮ የኢትዮጵያ ስም ከአውሮፓ ጋዜጦች አልጠፋም ነበርና፣ አባት በጋዜጣ ያነበበውን ልጅ በምንጣፍ ላይ እንዲያሰልፈው የመጫወቻ ነጋዴው ወዲያው ደረሰ።

እነዚህ ወታደሮች የተሠሩበት ስልት በራሱ ሊተረክ የሚገባው ነው። እስከ 1893 እ.ኤ.አ. ድረስ ገበያውን የያዙት የጀርመን ፋብሪካዎች ሲሆኑ፣ ጠጣር የሆነው የእርሳስ ወታደራቸው ከባድም ውድም ነበር። በዚያ ዓመት የብሪተን ቤተ ሰብ የውስጠ ክፍት አጣጣልን አመጣ፤ ይኸውም የቀለጠው እርሳስ በብረት ፎርማ ውስጥ ከፈሰሰ በኋላ፣ ፎርማውን የነካው የዳር እርሳስ ሲረጋና መካከሉ ገና ፈሳሽ ሳለ ፎርማውን ዘቅዝቆ የተረፈውን መልሶ ማፍሰስ ነው። የሚቀረው ስስ ቅርፊት ብቻ ሲሆን፣ አንዱን ወታደር በጣት መካከል ይዞ የሚመረምር ሰው አየርና ትርፍ እርሳስ የወጣበትን ትንሽ ቀዳዳ ያገኛል፤ ይህም ዛሬ እውነተኛውን አሮጌ ሥራ አስመስለው ከሠሩት ጠጣር ቅጂ ለመለየት ከሚረዱት ምልክቶች አንዱ ነው። የመደበኛው ወታደር ቁመት 54 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ በብዙዎቹ ላይ ጠመንጃ የያዘው ክንድ ለብቻው ተሠርቶ በትከሻ ላይ ስለሚገጠም ወደ ላይና ወደ ታች ይዞራል። የአክሽን ፊገር ነገር በአንድ ትከሻ ተጀመረ ቢባል ብዙ ማጋነን አይሆንም። ቀለሙን በብሩሽ የሚቀቡት በአብዛኛው ሴቶች ነበሩ፤ ከነዚህም ብዙዎቹ ሥራውን ወደ ቤታቸው ወስደው በቁጥር ይከፈላቸው ነበር። ወታደሮቹም በካርቶን ላይ በክር ታስረው፣ ክዳኑ ላይ ምልክት የተለጠፈበት ቀይ ሳጥን ውስጥ ይገባሉ።

የዚህ ጽሑፍ ዋና ነጥብ ያለው በሳጥኑ ጉዳይ ላይ ነው። ብሪተን የአቢሲኒያን ወታደር በሸጠበት ወቅት የኢጣሊያን እግረኛ፣ ያውም በቅኝ ግዛት የፀሐይ ቆብ፣ በሌላ ቁጥር ይሸጥ ነበር። በሕፃኑ ጠረጴዛ ላይ ጦርነት እንዲኖር ሁለት ወገን ያስፈልጋልና፣ ፋብሪካው ለአንዱ አላደላም፤ በጄኔቫ መንግሥታት በኢጣሊያ ላይ ስለሚጣል ማዕቀብ ሲከራከሩ በሱቅ መደርደሪያ ላይ ወራሪውና ተወራሪው ጎን ለጎን ተቀምጠው ነበር። ወታደሩን ከሳጥኑ ለይቶ የሚገዛ ሰው አንድ ጥቁር ሰው ጠመንጃ ተሸክሞ ያያል፤ ሳጥኑን፣ የመዝገብ ቁጥሩንና የዋጋ ዝርዝሩን አብሮ የያዘ ሰው ግን የአንድን ገበያ አስተሳሰብ በእጁ ይይዛል። በባሕር ማዶ ብቻ የወጣ ምስል ስለ ተሣለው ሰው ከሚናገረው ይልቅ ስለ ገዢው የሚናገረው ይበዛል፤ ስለዚህ መሰብሰብ ያለበት ምስሉ ብቻ ሳይሆን በዙሪያው ያለው ወረቀትም ጭምር ነው።

የጀርመኖቹ ሥራ ለዚህ ሌላ ማስረጃ ይሰጣል። በሉድቪግስቡርግ የሐውሰር ወንድማማቾች ኤላስቶሊን በሚል ስም፣ በብራንደንቡርግ ደግሞ ሊኖል የተባለው ፋብሪካ ሰባት ሳንቲ ሜትር ተኩል ገደማ ቁመት ያላቸውን ወታደሮች ከእንጨት ብናኝ፣ ከሙጫና ከነጭ ሸክላ አፈር ተለውሶ በሽቦ አጥንት ላይ ከሚጋገር ሊጥ ይሠሩ ነበር። ሁለቱም የአቢሲኒያ ተዋጊዎችን አውጥተዋል። የለንደኑ ወታደር ለሰልፍ የተሠራ ሲሆን የጀርመኑ ለውጊያ የተሠራ ነው፤ ይተኩሳል፣ ይንበረከካል፣ ጦሩን ይወረውራል። በዚያው ዘመን በሜዳ ላይ የነበረው የኢትዮጵያ ጦር እንደ ሁለቱም አልነበረም፤ የቤልጂግ መኮንኖች ያሠለጠኑት ክብር ዘበኛ ሥርዓተ ሰልፉን አሳምሮ ያውቅ ነበር፣ ግን አብዛኛው በባዶ እግሩ ይሄድ ነበር፤ የቀረው የክተት ሠራዊት ስንቁን በአህያ ጭኖ ከየአውራጃው የመጣ ገበሬ ነበር። ይህን ሁሉ ፎርማ ሠሪው ማወቅ አያስፈልገውም ነበር።

እንደ ለንደኑ እርሳስ ሁሉ ማዕድን ቀልጦ ወደ ፎርማ የፈሰሰበት ሌላ ታሪክ በጋፋት አለ። ከደብረ ታቦር ወጣ ብሎ በሚገኘው በዚህ ስፍራ በ1850ዎቹ ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ ከባዝል አጠገብ ካለው የቅዱስ ክሪሾና ማኅበር የመጡትን ቫልድማየርን፣ ዛልሙለርን የመሰሉ የእጅ ሙያ ያላቸው ሚስዮናውያን፣ እንዲሁም ሞሪትስ ሆልን አሰፍረው መሣሪያ አሠሯቸው። የሥራው መጨረሻ ሰባት ቶን ገደማ የሚመዝነው ሴባስቶፖል የተባለው ሞርታር ነው። በለንደን አንዱ የብረት ፎርማ ተመሳሳይ ወታደሮችን በሺህ ሲያወጣ፣ በጋፋት ይህን የሚያህል ሞርታር የተገኘው አንድ ብቻ ነበር፤ ሰው በጉልበቱ እየጎተተ፣ በየገደሉ መንገድ እየተቀደደለት እስከ መቅደላ ደርሶ እዚያው ቀረ። በአዲስ አበባ በቴዎድሮስ አደባባይ የሚታየው ቅርጹን የያዘ ምሳሌው ነው። እንግሊዞች በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. መቅደላን ሲይዙ ሴባስቶፖልን እዚያው ተዉት፤ ሊነሣ የሚችለውን ግን በዝሆንና በበቅሎ ጭነው ወሰዱት፤ በደላንታ ሜዳም ለሁለት ቀን በጨረታ ሸጡት። ከዘመቻው ጋር የብሪቲሽ ሙዚየም ወኪል ሆኖ የመጣው ሪቻርድ ሆልምስ አንድ የወርቅ ዘውድና ጽዋ ከአንድ ወታደር በ4 ፓውንድ መግዛቱ የታወቀ ነው።

ይህ እዚህ የተነሣው የመቅደላን ዘረፋ ከእርሳስ ወታደር ጋር ለማስተካከል አይደለም፤ አንዱ በጉልበት የተወሰደ ቅርስ ነው፣ ሌላው በሕጋዊ ሱቅ የተሸጠ ሸቀጥ ነው። የሚያገናኛቸው አንድ ጥያቄ ነው። የሙዚየም ሰዎች ዕቃው ከተሠራበት ጊዜ ጀምሮ በማን እጅ እንዳለፈ የሚያሳየውን ተከታታይ መዝገብ ዋነኛ ማስረጃ ያደርጉታል፤ የመጫወቻ ሰብሳቢው ዓለም ግን ይህን የሚጠይቀው የሐሰት ቅጂ እንዳይሸጥለት ብቻ ነው። ኢትዮጵያዊ ሰብሳቢ፣ በተለይም በውጭ አገር የሚኖረውና እንዲህ ያለው ዕቃ በጨረታ ሲወጣ የሚያገኘው፣ ከዚህ አልፎ ሳጥኑ በየትኛው ከተማ ተገዝቶ፣ ለማን ስጦታ ሆኖ፣ በማን ሰገነት ስንት ዓመት እንደቆየ ሊጽፍ ይገባዋል።

በሌላ በኩል ከኢትዮጵያ ደጋ ምድር ወጥተው ወደ ባሕር ማዶ የሄዱ ምስሎችም አሉ፤ ኢትዮጵያዊ ሰብሳቢ ከእርሳሱ ወታደር ይልቅ ቀድሞ ሊያስብባቸው የሚገባው እነዚህ ናቸው። በጎንደር አጠገብ በወለቃ ይኖሩ የነበሩ የቤተ እስራኤል (የኢትዮጵያ አይሁዳውያን) ሴቶች ከጥንት ጀምሮ እንስራ፣ ምጣድና ጀበና ሲሠሩ ኖረው፣ በ20ኛው መቶ ዓመት ሁለተኛ አጋማሽ ቱሪስት ሲበዛ ትናንሽ የሸክላ ምስሎችን ለሽያጭ ማውጣት ጀመሩ፤ መጽሐፍ የዘረጋ ቄስ፣ የዳዊት ኮከብ ያለበት አንበሳ፣ ሰሎሞንና ንግሥተ ሳባ በአንድ አልጋ። ገዢው በአብዛኛው የውጭ ሰው ነበርና ሠሪዎቹ ገዢው ሊያየው የሚፈልገውን ለይተው አወቁ፤ ኮከቡ ያለ ምክንያት አልበዛም። የአገሩ ሰው ድስትና ጀበና ሲገዛ ምስሉን አልገዛም፤ ስለዚህ ጎንደር ውስጥ ተሠርቶ በጎንደር ቤቶች ያልገባ ዕቃ ሆነ። ከ1977 ዓ.ም. ጀምሮ፣ በተለይም በግንቦት 1983 ዓ.ም. ከ14,000 በላይ የቤተ እስራኤል ሰዎች በአንድ ቀን ተኩል ከአዲስ አበባ ወደ እስራኤል በአውሮፕላን ከተወሰዱ በኋላ፣ ሠሪዎቹም ገዢዎቻቸውን ተከትለው ሄዱ። የወለቃ ሸክላ ዛሬም በመንገድ ዳር ይሸጣል፤ እጁ ግን በአብዛኛው የሌላ ነው።

እነዚህን የወለቃ ምስሎች የሚሰበስብ ሰው የሚገጥመው ችግር ከለንደኑ የተለየ ነው። ብሪተን ቁጥር፣ ሳጥንና የዋጋ መዝገብ ትቷል፤ የወለቃዋ ሸክላ ሠሪ ግን በሥራዋ ላይ ስሟን አልጻፈችም፣ ገዢውም አልጠየቃት። ነገር ግን የእርሳሱን ወታደር የቀባችው ለንደናዊት ስም እስከ ወዲያኛው ጠፍቶ ሳለ፣ የወለቃ ሴቶች ብዙዎቹ ወይም ልጆቻቸው በእስራኤል ከተሞች በሕይወት አሉ፤ የጭቃውን አወጣጥ፣ የአተኳኮሱን ሥርዓትና የየቤተ ሰቡን የፊት አቀራረጽ እያዩ አንዱን እጅ ከሌላው ሊለዩ ይችላሉ። ሥራው መጀመር ያለበት ከነሱ ዘንድ ነው፤ የእርሳሱ ወታደር ቢዘገይ የሚጎድለው ነገር ጥቂት ነው።

እንዲህ ያለው ስብስብ ለምሳሌ ለጋፋት ቅርብ በሆነችው በደብረ ታቦር ይቀመጥ ቢባል ሦስቱ ዓይነት ዕቃዎች አንድ መደርደሪያ አይጋሩም። የጀርመኑ ሊጥ ወታደር በደጋው ክረምት እርጥበት ሽቦው ይዝግና ከውስጥ ወደ ውጭ ይሰነጠቃል፤ ስለዚህ ደረቅ ክፍል ይፈልጋል። እርሳሱ ደግሞ በተዘጋ የእንጨት ቁም ሣጥን ውስጥ ሲቆይ ከእንጨቱ የሚወጣው አሲዳማ ትነት ነጭ ዱቄት እያደረገ ይበላዋል፤ ለሱ የሚሻለው አየር የሚገባበት የብረትና የመስታወት መደርደሪያ ነው። የወለቃው ሸክላ በገላጣ እሳት በዝቅተኛ ሙቀት የተተኮሰ ስለ ሆነ በውኃ ሊታጠብ አይገባውም፤ አቧራው በለስላሳ ብሩሽ ከተነሣለት ይበቃዋል።