የታከመውን ብቻ ሳይሆን የዳነውን እንቁጠር

(በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)



እኔ ከግብርና ኮሌጅ በዲፕሎማ ተመርቄ በመንዝ የምሠራ የልማት ሠራተኛ ነኝ። የዛሬው ንግግሬ ከአርሶ አደሩ መካከል ተመርጠው ስለሠለጠኑት የማኅበረሰብ እንስሳት ጤና ሠራተኞች፣ በተለይም ስለ አገልግሎታቸው ጥራት ነው።

“ገበሬ ስለ መድኃኒት ምን ያውቃል?” የሚሉ አሉ። መልሱን አፋር ሰጥቶናል። እ.ኤ.አ. በ1994 በአፋር 20 የሠለጠኑ የአካባቢው ሰዎች ሙቀት የሚቋቋም የደስታ በሽታ ክትባት ይዘው 73 ሺህ ያህል ከብት ከተቡ። ከተከተቡት 100 ከብቶች 83ቱ በሽታውን የመቋቋም አቅም እንዳገኙ ተረጋገጠ። በዚያን ጊዜ በመደበኛ የክትባት ቡድኖች የሚገኘው ውጤት ወደ 72 ነበር። በአገራችን የመጨረሻው የደስታ በሽታ ወረርሽኝ በ1995 እዚያው አፋር ታየ፤ በ2011 በሽታው ከዓለም መጥፋቱ ታወጀ። እዚህ ላይ ልብ እንበል። ሰዎቹ ሠልጥነዋል፣ ክትባቱ ደህና ነበር፣ ከሁሉ በላይ ውጤቱ ተመርምሯል።

እኛስ ውጤቱን እንመረምራለን? ከራሴ ጥፋት ልጀምር።

በምሠራበት ቀበሌ አምስት በግ ያላቸው አንዲት እናት አሉ። በጎቹ የጉበት ትል ይዟቸው ከሱ። የጤና ሠራተኛችን ባለ 300 ሚሊ ግራም አልቤንዳዞል ይዞ ሄደ። የእማማ ገንዘብ ግን ለሁለት ክኒን ብቻ በቃ። ሁለቱን በእጁ ሰባብሮ ለአምስቱ አካፈለ። ክፋት አልነበረበትም፤ አዝኖላቸው ነው። ሒሳቡ ግን እንዲህ ነው፦ ለጉበት ትል በኪሎ 7.5 ሚሊ ግራም ያስፈልጋል፤ 25 ኪሎ ለሚመዝን በግ ወደ 190 ይሆናል። የደረሳቸው 120 ነው። በመዝገቡ ላይ “5 በጎች ታከሙ” ተብሎ ተጻፈ። እኔም ሳልጠይቅ ፈረምሁ፤ በሪፖርቴም አምስት ብዬ አስገባሁ።

ከሳምንታት በኋላ ሦስቱ አገጫቸው ሥር ውኃ ቋጥረው ሞቱ። ስሄድ እማማ “ልጄ፣ መድኃኒታችሁ ቢቀርብኝ ይሻለኝ ነበር፤ ብሩንም በጉንም አጣሁ” አሉኝ። መልስ አልነበረኝም።

ወገኖቼ፣ ብዙ ከብት ላለው አንድ በግ ቢሞትበት ጉዳት ነው። አምስት ላለው ግን የልጅ ደብተር፣ የማዳበሪያ ዕዳ፣ የዓመት ልብስ ነው። ያነሰ መድኃኒት ገንዘብ ከማባከኑም በላይ ትሉን መድኃኒት ያስለምደዋል፤ ነገ የጎረቤትም በግ አይድንም።

ከዚያ ወዲህ በቀበሌያችን ሦስት ነገር ለውጠናል። በጉ ሳይመዘን መድኃኒት አይሰጥም። በመዝገቡ ላይ ክብደት፣ የተሰጠው መጠንና ከሁለት ሳምንት በኋላ የታየው ውጤት ይጻፋል። እኔም ከመፈረሜ በፊት ሁለት ሦስት ቤት ሄጄ አያለሁ፤ ቦርሳውንም ከፍቼ የመድኃኒቱን የአገልግሎት ማብቂያ ቀን አነባለሁ። አባ ሰንጋ የተጠረጠረ እንደሆነ ሬሳውን መክፈት ክልክል ነው፤ ወዲያው ለክሊኒኩ ይነገራል።

ይሁን እንጂ ችግሩን ለብቻችን አንወጣውም። ስለዚህ፦

ዩኒየናችን መድኃኒቱን ከታወቀ አስመጪ በጅምላ ገዝቶ ለመሠረታዊ ማኅበራት ያከፋፍል፤ ለየማኅበሩም አንድ ሚዛን ይግዛ።

መሠረታዊ ማኅበራት ለአቅመ ደካማ አባላት መድኃኒቱን በዱቤ ይስጡ፤ በጉ ድኖ ሲሸጥ ይከፈላል። ያኔ ክኒን የሚሰብር አይኖርም።

ክቡራን የወረዳ አመራሮች፣ የበግና የፍየል ደስታ መሰል በሽታ ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ቅዝቃዜ ካልተጠበቀ ይበላሻል። ስለዚህ ማቀዝቀዣው እንዳይቋረጥ አድርጉልን። ሪፖርት ስትጠይቁንም “ስንት አከማችሁ?” ብቻ ሳይሆን “ስንቱ ዳነ?” በሉን። የምትጠይቁንን እንሠራለንና።

እማማ ዛሬም ሁለት በግ አሏቸው። ባለፈው በመዝነን አከምናቸው፤ በሁለተኛው ሳምንት ሄጄ አየኋቸው፤ ድነዋል። እማማ ግን ገና ሙሉ በሙሉ አላመኑንም። እምነታቸውን የምንመልሰው በሥራ ነው።