ከብረቱ በፊት ወረቀቱ

(በትምህርት ቤቱ የምሥረታ በዓል በተማሪዎች ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



 የንግግሬ አርእስት አሮጌ የአሜሪቃ ኦቶሞቢሎችን ወደ ቀድሞ መልካቸው ለመመለስ መለዋወጫና የፋብሪካ ማስረጃ ስለሚገኝበት መንገድ ነው። አንዳንዶቻችሁ «ይህ ለመካኒክ እንጂ ለተማሪ ምን ይጠቅማል?» ትሉ ይሆናል። እስከ መጨረሻው ብትታገሡኝ መልሱን እናንተው ታገኙታላችሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ባለፈው ክረምት በአሜሪቃ በኦሃዮ ከሚኖሩት አጎቴ ዘንድ ሰንብቼ ነበር። አጎቴ የጋራዥ ሰው ናቸው። በዕረፍት ጊዜያቸው የሚያድሱት የ1963 ሞዴል ስቱዲቤከር ላርክ አላቸው። ስቱዲቤከር የተባለው ኩባንያ በ1852 በኢንዲያና በሳውዝ ቤንድ ከተማ ሁለት ወንድማማቾች በከፈቱት የአንጥረኛ ቤት ተጀመረ። በፊት በፈረስ የሚሳብ ሠረገላ ይሠራ ነበር፤ ከ1902 ጀምሮ ኦቶሞቢል ሠራ። በኋላ ግን ገበያው ስለ ከዳው በዲሴምበር 1963 የሳውዝ ቤንድን የኦቶሞቢል ሥራ አቆመ፤ በካናዳ በሃሚልተን የቀረውም በማርች 1966 ተዘጋ። እንግዲህ ፋብሪካው የሞተበት ኦቶሞቢል መለዋወጫው ከወዴት ይገኛል?

መለዋወጫውስ አልጠፋም። በመጋዘን የቀረው ዕቃ ወደ ነጋዴዎች እጅ ስለ ገባ፥ ከነካርቶኑ ያልተነካ ዕቃ እስከ ዛሬ ይሸጣል። በ1962 የተመሠረተው የስቱዲቤከር ነጂዎች ማኅበር አባሎቹን እርስ በርስ ያገናኛል። በፔንሲልቬኒያ በሄርሺ ከተማ በ1955 የተጀመረውና በኦክቶበር ወር የሚቆመው ገበያም ለአሮጌ ኦቶሞቢል ወዳጆች ሁሉ የታወቀ ነው። አስቸጋሪው ነገር ዕቃ ማግኘት ሳይሆን፥ የትኛው ዕቃ እንደሚስማማ ማወቅ ነው።

አጎቴ ይህን የተማሩት በኪሳራ ነው። የኦቶሞቢሉ አፍንጫ ወደ መሬት አዘንብሎ ስለ ነበረ የፊት ሞላዎቹ ደክመዋል ብለው፥ በበሩ ምሰሶ ላይ የተለጠፈውን ቁጥር ለነጋዴው ልከው አዲስ ሞላ አስመጡ። ቢገጥሙትም አፍንጫው ያው ነው፤ አልተነሣም። «ነጋዴው አታለለኝ» ብለው ሁለት ቀን ተቆጡ። በሦስተኛው ቀን ቁጥሩን በእርጋታ አነበቡት። መጀመሪያው «63ኤስ» ይላል። በዚያ ዓመት «ኤስ» የተባለው የላቲን ፊደል ባለስድስት ሲሊንደር፥ «ቪ» ደግሞ ባለስምንት ማለት ነበር። በኮፈኑ ሥር የተቀመጠው ግን 4.2 ሊትር ባለስምንት ሲሊንደር ሞተር ነው! ፋብሪካው የሰጠው 2.8 ሊትር የሆነው ስድስቱ ነበርና፥ የማይታወቅ እጅ ከጊዜ በኋላ ለውጦታል። ነጋዴው አላታለለም፤ ለቁጥሩ የሚገባውን ላከ። ከባዱን ሞተር ግን ያ ሞላ ሊሸከመው አልቻለም።

ነገሩን ለማረጋገጥ አጎቴ በሳውዝ ቤንድ ወደሚገኘው የስቱዲቤከር ሙዚየም ጻፉ። ፋብሪካው ቢሞትም መዝገቡ በዚያ ተጠብቋል። እያንዳንዱ ኦቶሞቢል ሲሠራ የተጻፈው ትእዛዝ ስለ ሞተሩ፥ ስለ ቀለሙ፥ ስለ ተጨማሪ ዕቃዎቹና ስለ ተላከበት ነጋዴ ይናገራል። ቅጂው ሲመጣ በእውነት ባለስድስት ሆኖ ተገኘ። ከዚያ በኋላ አጎቴ የጥገናውን መመሪያ፥ የሻሲውንና የአካሉን የመለዋወጫ ማውጫ ገዝተው፥ ሞላውን ብቻ ሳይሆን ፍሬኑና ዲፈረንሲያሉ ለአዲሱ ጉልበት የሚበቁ መሆናቸውን አንድ በአንድ መረመሩ።

ሌሎቹም ፋብሪካዎች የየራሳቸው ቋንቋ አላቸው። በፎርድ መለዋወጫ ቁጥር መጀመሪያ «ሲ5ዜድ» ቢገኝ፥ «ሲ» የ1960ዎቹን ዓመታት፥ «5» አምስተኛውን ዓመት፥ «ዜድ» ሙስታንግን ያመለክታል፤ ዕቃው መጀመሪያ የታቀደው ለ1965 ሙስታንግ ነው ማለት ነው። የዛሬው ባለአሥራ ሰባት ምልክት መለያ ቁጥር በአሜሪቃ አንድ ወጥ የሆነው ከ1981 ሞዴል ጀምሮ ስለ ሆነ፥ የቀድሞውን እንደየፋብሪካው መማር ያስፈልጋል። ደግሞም ከነካርቶኑ የተገኘ ሁሉ ደኅና አይደለም። የብረት ዕቃ ከዝገት ከተጠበቀ ይቆያል፤ ጎማ የሆነ የፍሬን ቱቦ ግን በመደርደሪያ ላይ ሳለ ያረጃልና፥ ነፍስ የሚጠብቅበት ስለ ሆነ አዲስ የተሠራውን መግዛት ይገባል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። እኔ በዚያ ሳለሁ አንድ ገዢ መጣ። ኦቶሞቢሉን ወደደውና፥ «የቁጥሩን ሰሌዳ በባለስምንቱ ሰሌዳ ብትለውጥልኝ ከጠየቅኸው ዋጋ በላይ እከፍላለሁ» አለ። የአጎቴ ልጅ ኮሌጅ የምትገባበት ዓመት ስለ ነበረ ገንዘቡ በጣም ያስፈልጋቸው ነበር። እኔም የልጅ ነገር ሆኖ፥ «ጋሼ፥ አንዲት ፊደል ምን አላት?» አልኋቸው። እሳቸውም «ልጄ፥ በአሜሪቃ ሕግ ይህ ወንጀል ነው። ሕጉ ባይኖርስ? የሳውዝ ቤንድ ጸሐፊዎች ያን ጊዜ እውነቱን ባይጽፉ ኖሮ እኔ ዛሬ ከየት አውቀው ነበር? ከእኔ በኋላ የሚመጣውን ሰው ላሳስተው?» ብለው መለሱልኝ። ገዢው ሄደ። አጎቴ ግን «ይህ ኦቶሞቢል ሲሠራ ባለስድስት ነበር፤ ሞተሩ በኋላ ተለውጧል» ብለው በገዛ እጃቸው ጽፈው ከመዝገቡ ቅጂ ጋር አኖሩት።

ጓደኞቼ ሆይ፥ ያን ትእዛዝ የጻፈው ሠራተኛ አንድ ቀን ከኢትዮጵያ የሄደ ሰው ያነበዋል ብሎ አላሰበም። ሥራውን በትክክል ጻፈ እንጂ። እኛም በሠርቶ ማሳያ ክፍል የምንሞላውን ደብተር፥ በቤተ መጻሕፍት የምንፈርምበትን መዝገብ እንደ ቀላል ነገር አንየው። አባቶቻችን «በቃል ያለ ይረሳል፥ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» ያሉት ለዚህ ነው። ትምህርት ቤታችንም ዛሬ ዕድሜውን ቈጥሮ በዓል የሚያደርገው፥ በመጀመሪያው ቀን የተማሪዎቹን ስም በትክክል የጻፈ ሰው ስለ ነበረ ነው።