ዘፋኝ የማይመራው ዜማ



የዋልያስ ባንድ ኦርጋን ተጫዋች የነበረው ኃይሉ መርጊያ እ.ኤ.አ. በ1985 ዋሽንግተን ላይ «ሸሞንሟናዬ» የተባለውን ካሤት ብቻውን ተጫውቶ ቀዳ። አኮርዲዮኑ ያገራችንን የቆየ ዜማ ሲመራ፥ የኤሌክትሪክ ፒያኖና ሙግ ሲንተሳይዘር በዝግታ ይከተሉታል።

ዘፋኝ ስለማይመራው ጎደሎ ነው የሚሉ ይኖራሉ። እኛ ግን በዚህ አንስማማም። ዘፋኝ ቃሉን ሲነግረን ዝም ብለን እንቀበላለን፤ ዜማው ብቻውን ሲቀርብልን ግን ትርጉሙን መፈለግ የኛ ፈንታ ይሆናልና።

ይኸው ካሤት ለብዙ ዘመን ተረስቶ ኖረ። በኋላም አንድ አሜሪካዊ አሳታሚ ባሕር ዳር አግኝቶት፥ እ.ኤ.አ. በ2013 እንደገና አሳተመው። እኛስ በየቤታችን አቧራ የለበሱትን ካሤቶች ሰብስበን በቤተ መጻሕፍታችን ከማኖር ምን ይከለክለናል?