ሰውን በቁጥሩ ማወቅ፦ የሰበካ መዝገባችንና የመረጃ ቋት
(ለሰበካ ጉባኤ ጸሐፊዎችና ለልማት ኮሚቴ አባላት በተዘጋጀ ሥልጠና መክፈቻ ላይ የቀረበ ንግግር)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



ስለ ኮምፒውተር መዝገብ እንድንናገር ታዝዘናል። ንግግራችንን ግን ከአንዲት እናት እንጀምራለን። በአንድ የገጠር አጥቢያ የዘር እህል ባከፋፈልንበት ዓመት ሦስት ደብተሮች ቀርበውልን ነበር፤ አንዱ የሰበካ ጉባኤው የአባላት መዝገብ፣ ሁለተኛው የልማት ኮሚቴው ዝርዝር፣ ሦስተኛው የውኃ ኮሚቴው። ሦስቱንም በኤክሴል ገጽ ላይ አንድ ላይ ገለበጥናቸውና የተደጋገመውን ስም ሰረዝን። ከተሰረዙት አንዷ ሦስት ልጆች የምታሳድግ፣ ባሏ የሞተባት ሴት ነበረች፤ በስምም በአባት ስምም የምትመስላት ሌላ ሴት በአጥቢያው ነበረችና። በእደላው ዕለት ከደጀ ሰላሙ እስከ ማምሻ ተቀምጣ ባዶ ጆንያዋን አጥፋ ተመለሰች። በዚያው ቀን በአንዱ ደብተር በክርስትና ስሙ፣ በሌላው በዓለም ስሙ የተጻፈ አንድ ሰው ሁለት ጊዜ ወሰደ። እርሱ አላታለለንም፤ ሁለት ጊዜ ተጠራ፣ ሁለት ጊዜ አቤት አለ። ጥፋቱ የእኛ የጸሐፊዎቹ ነው። ስሕተቱን አውቀን ዘሩን ስናደርስላት የመዝሪያው ጊዜ አልፎ ነበር።

ቆይተን ስንመረምረው ያሰናከለን ነገር ግልጽ ሆነልን፤ መዝገባችን ሰውን የሚያውቀው በስሙ ብቻ ነበር። ይህ ችግር በእኛ አልተጀመረም። እ.ኤ.አ. በ1970 ኤድጋር ኮድ የተባለ፣ በአይ.ቢ.ኤም. ኩባንያ የሚሠራ እንግሊዛዊ የሒሳብ ምሁር ብዙ ሰዎች በጋራ የሚጠቀሙበትን ሰፊ መረጃ በሰንጠረዥ ስለ ማደራጀት አንድ ጽሑፍ አሳተመ። ከዚያ በፊት መረጃ ፈላጊው መረጃው በማሽኑ ውስጥ በየትኛው መንገድ እንደ ተቀመጠ ማወቅ ነበረበት። ኮድ ግን ሰው የሚፈልገውን ብቻ ይናገር፣ መንገዱን ማሽኑ ይፈልግ አለ። ዛሬ ዝምድናዊ የመረጃ ቋት የምንለው ከዚህ የመጣ ነው።

አሠራሩን በራሳችን ቤት እንመልከተው። ሦስት ሰንጠረዦች እናስብ፤ አንዱ የካህናት፣ አንዱ የቤተሰብ፣ አንዱ የምእመናን። በእያንዳንዱ ሰንጠረዥ አንድ ረድፍ ስለ አንድ ነገር ብቻ ይናገራል፤ እያንዳንዱም ረድፍ የማይደገምና የማይለወጥ ቁጥር አለው። ይህ ዋና ቁልፍ ይባላል። ንስሐ አባት ብዙ ቤተሰብ ይይዛሉ፣ አንድ ቤተሰብ ግን አንድ ንስሐ አባት አለው። ስለዚህ በቤተሰቡ ረድፍ ላይ የካህኑን ስምና ስልክ አንጽፍም፤ ቁጥራቸውን ብቻ እንጽፋለን። ከሌላ ሰንጠረዥ የተዋሰ ቁጥር በመሆኑ የውጭ ቁልፍ ይሉታል። ካህኑ ስልክ ሲለውጡ በአንድ ስፍራ ይታረማል። በ60 ቤተሰብ ረድፍ ላይ ተጽፎ ቢሆን 60 ጊዜ ማረም ያስፈልግ ነበር፤ አንዱ ሲዘነጋም መዝገቡ ሁለት ቃል ይናገራል፣ የትኛው እውነት እንደ ሆነ የሚያውቅ የለም።

የጽዋ ማኅበር ነገር ከዚህ ይለያል። አንድ ሰው የሁለትና የሦስት ማኅበር አባል ሊሆን ይችላል፤ አንዱ ማኅበርም ብዙ አባላት አሉት። በምእመኑ ረድፍ ላይ «ማኅበር አንድ፣ ማኅበር ሁለት» እያልን ዓምድ ብንጨምር መጨረሻ የለውም። መፍትሔው በመካከል የሚቆም ሌላ ሰንጠረዥ ነው፤ በእያንዳንዱ ረድፍ የሰው ቁጥርና የማኅበር ቁጥር ብቻ ይይዛል። እደላም እንዲሁ ነው፤ የሰው ቁጥር፣ የእደላ ቁጥር፣ መጠን።

ለምን በስም አይሆንም የሚል ጥያቄ በየሥልጠናው ይነሣል። ኃይለ ማርያምን አንዱ ጸሐፊ በኃ፣ ሌላው በሀ፣ ሦስተኛው በሐ ይጽፈዋል፤ ገብረ ሥላሴም በአንዱ ደብተር ሙሉውን፣ በሌላው ገ/ሥላሴ ተብሎ ይገኛል። ለጆሮ አንድ ናቸው፤ ለኮምፒውተር ግን እያንዳንዱ ፊደል የራሱ መለያ ስላለው የተለያዩ ሰዎች ይሆኑበታል። (የቅኔ መምህራን ፊደሉ በሥርዓቱ ይጻፍ ብለው ቢቈጡ እውነት አላቸው። ቍጣቸው ግን የተጻፉትን ደብተሮች አያርምልንም።) ስምን በጥንቃቄ እንጻፍ፣ የክርስትናውንም የዓለሙንም በየራሱ ዓምድ እናኑር፤ መለያነቱን ግን ለቁጥሩ እንተው።

ቀንም ወጥመድ አለው። የኮምፒውተሩ የቀን ዓምድ በተለምዶ የሚያውቀው የፈረንጁን አቈጣጠር ነው። ጥቅምት 30ን 30/2 ብለን ብናስገባ አይቀበለንም፤ ሁለተኛው ወር ለእርሱ ፌብሩዋሪ ነው፣ 30 ቀንም የለውም። በጳጉሜን የተወለደ ሕፃንማ 13ኛ ወር ስለሌለ ማስገቢያ ያጣል። እኛ ቀን፣ ወርና ዓመተ ምሕረትን በሦስት የቁጥር ዓምዶች መጻፍን መርጠናል።

ሰንጠረዦቹን የሚጠብቀው ፕሮግራም የመረጃ ቋት ማስተዳደሪያ ሥርዓት ይባላል። ማይኤስኪውኤልና ፖስትግሬኤስኪውኤል ያለ ክፍያ የሚገኙ ናቸው። ከደብተርና ከኤክሴል ገጽ የሚለየው አንዱ ነገር እምቢ ማለት መቻሉ ነው። ሕጉን አስቀድመን ከሰጠነው፣ ቤተሰብ የያዙ ካህንን ከመዝገብ ልንሰርዝ ስንል «ልጆቻቸውን ለማን ሰጥታችሁ ነው?» እንደሚል ደብር አስተዳዳሪ ይከለክለናል። ከመጋዘን 50 ኪሎ ቀንሰን በተረጂው ስም ሳንጽፍ መብራት ቢጠፋ፣ ሁለቱ እንደ አንድ ሥራ የታሰሩ ከሆኑ የተቀነሰውን ይመልሰዋል፤ ወይ ሁለቱም ይጻፋሉ፣ ወይ አንዱም አይጻፍም። ማን ምን እንደሚያይም ይወስናል። ይሁን እንጂ በንስሐ የተነገረና የሰው የሕመም ምሥጢር፣ ጠባቂው ምንም ያህል ታማኝ ቢሆን፣ ወደዚህ መዝገብ ከቶ አይግባ።

ለዚህ መዝገብ ጥያቄ የሚቀርብበት ቋንቋ ኤስኪውኤል ይባላል፤ መሠረቱ እ.ኤ.አ. በ1974 በዚያው ኩባንያ ተመራማሪዎች ወጥቷል። በእርሱ «በዚህ ዓመት ዘር ያልደረሳቸው፣ ባል የሞተባቸው እናቶች እነማን ናቸው?» ብለን ልንጠይቅ እንችላለን። የወሰዱትን ማንኛውም ዝርዝር ያሳያል። ያልወሰዱትን ለማግኘት ግን የምእመናን ሰንጠረዥ ከእደላው ሰንጠረዥ ጋር በቁጥር ተገናኝቶ የጎደለው መታየት አለበት። ያን ዓመት ይህን ጥያቄ የምንጠይቅበት መዝገብ አልነበረንም።

ሁሉም አጥቢያ ዛሬውኑ ኮምፒውተር ይግዛ አንልም። ጥቂት ቤተሰብ ላለው አጥቢያ በቁጥር የተሠራ ደብተር ይበቃዋል። ቁጥር የሌለው ደብተር ግን ወደ ኮምፒውተር ቢገለበጥ ስሕተቱን ይዞ ይገለበጣል።

ኮምፒውተሮቹ ነገ ጠዋት ይከፈታሉ። ዛሬ ከምሳ በኋላ እያንዳንዱ አጥቢያ ያመጣውን የአባላት መዝገብ ይዞ ከ1 ጀምሮ ለየሰዉ ቁጥር ይሰጣል። ያረፈ ሰው ቁጥር ለሌላ አይሰጥም። ሁለት ተመሳሳይ ስም ስታገኙ አትሰርዙ፤ በኅዳጉ ምልክት አድርጉና ወደ አጥቢያችሁ ስትመለሱ ከቤታቸው ሄዳችሁ ጠይቁ።